ሞተው የተነሱ ሲሪየሶች፦ የቱን ልሳፈር፣ የት ጋ ልውረድ?

ክረምቱ ገባ። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ያመሸ ሰው ቤቱ ሲገባ ሚፈልገው ሻይ፣ ብርድ ልብስና አንድ ጥሩ ተከታታይ ፊልም ነው። ስለዚ በየዓመቱ በዚ ሰሞን «እስቲ ጥሩ ሲሪየስ ጠቁመኝ» ሚሉኝ ሰዎች ይበዛሉ። ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፣ ስም ትጠራለህ አለቀ። አሁን ግን ከምጠቁማቸው ግማሾቹ አንዴ ተሰርዘው፣ አለቀላቸው ተብለው፣ ከዛ ሌላ ጣቢያ ወይ ኔትፍሊክስ ከመቃብር ያወጣቸው ናቸው። እነዚ ደሞ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት መጨረሻ ነው ያላቸው፣ ሰው የቱ ጋ እንደሚያቆም ሳያውቅ ይገባና ወይ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል ወይ ማያስፈልገውን ሃያ ሰዓት ያቃጥላል።

እኔ ራሴ የተሸወድኩት በፕሪዝን ብሬክ ነው (እስካሁን ያላያችሁት ካላችሁ ይቅርታ፣ ቀጣዩ አንቀጽ ላይ አይናችሁን ጨፍኑ)።

ፒያሳ ሳትፈርስ በፊት ፊልም ማስጭንባት አንዲት ሱቅ ነበረች፣ ከደረጃ ስር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጪ ሚጠብቅባት፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ የተደረደሩ ሃርድ ዲስኮች፣ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የፊልም ዝርዝር። 32 ጊጋ ፍላሼን ሰጠሁትና «ፕሪዝን ብሬክ፣ ሙሉውን» አልኩት። ልጁ ቀና ሳይል «ሙሉ ነው ብሮ፣ አራት ሲዝን» አለኝ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ መቃብር አየሁ፣ የዋናው ሰውዬ የማይክል ስም ያለበት፣ ግን እንዴት እንደሞተ ሚያሳይ ነገር የለም፣ በቃ ሰውየው እያለ ነበር ከዛ ድንጋይ ሆነ። ደራሲው ሊፈላሰፍ ፈልጎ ነው ብዬ ለራሴ ተርጉሜ ተውኩት። ከዓመታት በኋላ ቢሮ ምሳ ላይ አንዱ «ማይክል እኮ የመን እስር ቤት ነው» ሲል ሳቅኩበት፣ ክትፎ ተወራረድን፣ ከፋዩ እኔ ሆንኩ። ለካ አሟሟቱን ሚያሳየው «ዘ ፋይናል ብሬክ» ሚባለው የመጨረሻው ሁለት ክፍል ፍላሼ ላይ አልተጫነም፣ ለካ ደሞ ፎክስ በ2017 ሰውየውን አስነስቶ 9 ክፍል ጨምሮበታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከዛ ወዲህ እንደዚ አይነት ፊልም ስመርጥ ማስበው እንደ ታክሲ ነው። ሜክሲኮ ብለህ ትሳፈራለህ፣ ሜክሲኮ ስትደርስ ረዳቱ «ሳር ቤት ሚቀጥል አለ?» ይላል። የተሳፈርክበት ቦታ ደርሰሃል፣ መቀጠል ትችላለህ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው። ስለዚ ለእያንዳንዱ ፊልም «አሪፍ ነው ወይ» ብቻ ሳይሆን «ወራጅ ሚባለው የት ጋ ነው» ሚለውን እነግራችኋለሁ።

በምን እንመዝናቸው

ስንት ኮከብ ተሰጠው ሚለውን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ኮከቡ የመጀመሪያውን ጥሩ ሲዝንና የመጨረሻውን የደከመ ሲዝን አንድ ላይ ፈጭቶ ነው ሚሰጥህ። እኔ ማየው እነዚን ነው።

አንደኛ አሟሟቱ። ታሪኩ ተዘግቶ ነው የቆመው ወይስ አፉ ላይ እንዳለ ነው የተቆረጠው? ተዘግቶ ከነበረ የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ መውረድ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ ማን ተመለሰ። ተዋንያኑ ሁሉም ተገኙ? ጻፊው ያው ነው? ስም ብቻ ከተመለሰ ቤቱን የገዛው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለኔ ትልቁ ይሄ ነው፣ ሲመለስ «ይሄ የመጨረሻህ ነው» ተብሎ ተነግሮታል ወይ? እንደሚሞት ቀድሞ ያወቀ ፊልም ኑዛዜውን ጽፎ ይሞታል፣ ያላወቀው ሁለተኛም ይቆረጣል፣ እናንተም ሁለተኛ ትሸወዳላችሁ።

አራተኛ ሰዓትና ጊጋ። ይሄን ማስላት ቀላል ነው፣ ኔትፍሊክስ ራሱ በተራ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይበላል ይላል። ስለዚ 45 ሰዓት ሚፈጅ ፊልም በተራው ወደ 45 ጊጋ ነው፣ በኤችዲ ካያችሁት እስከ 135 ሊሄድ ነው። ቤት ዋይፋይ ያለው ይሄን ይዝለለው፣ በሞባይል ፓኬጅ ሚያይ ግን ደግሞ ያንብበው።

አምስተኛ ሳሎን ላይ ይታያል ወይ። እናት፣ አባት፣ ታናሽ እህት፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤት። እዚ ላይ የቋንቋውንም ክብደት እጨምራለሁ።

ለምን ነው ሚሞቱት፣ ለምንስ ነው ሚነሱት

ባጭሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ትላልቆቹ ጣቢያዎች በየዓመቱ ሜይ ላይ ማስታወቂያ ገዢዎችን ሰብስበው የቀጣዩን ዓመት ፕሮግራም ይሸጣሉ፣ ከዛ በፊት ደሞ ቁጥሩ የወረደውን ይቀነጥሳሉ። ሜይ 2018 ላይ የሆነው ለጉድ ነው፣ ከታች ከማወዳድራቸው ውስጥ አራቱ በሁለት ቀን ውስጥ ነው የተሰረዙት፦ ብሩክሊን ናይን-ናይን ሜይ 10፣ ሉሲፈር፣ ዘ ኤክስፓንስና ዲዛይኔትድ ሰርቫይቨር ሜይ 11። አራቱም ተመለሱ። ጣቢያው ሚቆጥረው በሰዓቱ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠውን ሰው ነበር፣ እነዚን ሚያየው ሰው ግን በራሱ ሰዓት በኢንተርኔት ነው ሚያየው፣ ኔትፍሊክስና አማዞን ደሞ ያን ሰው ነው ሚፈልጉት። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ፋሚሊ ጋይ በ2002 ተሰርዞ በ2005 የተመለሰው ዲቪዲው እንደ ጉድ ስለተሸጠና ማታ ማታ ድጋሚው ሲታይ ሰው ስለጎረፈ ነው።

የኛ ሀገር ድራማ ስፖንሰር ሲያጣ «በቅርብ ቀን እንመለሳለን» ይባልና በዛው ይቀራል፣ መሰረዙን እንኳን ሚነግርህ የለም። እነሱ ቢያንስ ቀብሩን ያሳውቃሉ።

ፕሪዝን ብሬክ

22፣ 22፣ 13፣ 24፣ 9። ይሄ ነው ቁጥሩ፣ ድምሩ 90። ሦስተኛው ሲዝን ያጠረው በ2007 መጨረሻ የአሜሪካ ጸሐፊዎች ስራ ማቆም አድማ ስለመቱ ነው፣ የጎደለ እንዳይመስላችሁ። አራተኛው 24 ሚሆነው ግን «ፋይናል ብሬክ» ሲደመር ነው።

አሟሟቱ የተዘጋ ነው፣ በ2009 ጣቢያው ቀድሞ አሳውቆ ነው የጨረሱት። የተመለሰውም በጥሩ ሰዎች ነው፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ዌንትዎርዝ ሚለርም (ማይክል) ዶሚኒክ ፐርሰልም (ወንድሙ) አሉ፣ በአዲሱ ስሙ ካኒኤል ኡቲስ በሉት ማይክል በሉት ሰውየው ያው ነው። ታሪኩ ሰንዓ ውስጥ ነው ይበል እንጂ የተቀረጸው ሞሮኮ ነው፣ የመንን ሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ዝም አይልም። ችግሩ 9 ክፍል ውስጥ ድሮ በ22 ሚያደርጉትን ለማድረግ ይሮጣሉ፣ እስር ቤቱን ገና ሳታውቀው ወጥተዋል። የመጀመሪያው ሲዝን ውበቱ እኮ አንዷን ብሎን ለመንቀል ሙሉ ክፍል መፍጀቱ ነበር!

መውረጃው፦ ፋይናል ብሬክ፣ ማለትም 81ኛው ክፍል። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን ሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይም «ወራጅ» እላለሁ፣ ግን ይሄን ስል ሚጣሉኝ አሉ። 9ኙን ማየት ያለበት ማይክልን ያለቀሰለት ሰው ብቻ ነው፣ ለማጽናኛ ይሆነዋል። ከዛ በላይ አትጠብቁ፣ ሚለር በ2020 ከዚ በኋላ ማይክልን አልጫወትም ብሏል።

24 እና ዲዛይኔትድ ሰርቫይቨር

አንድ ላይ ያደረግኳቸው ኪፈር ሰዘርላንድ ሁለቱም ላይ ስላለና ልዩነታቸው ትምህርት ስለሆነ ነው።

24 ከ2001 እስከ 2010 ስምንት ሲዝን ሄዶ በ2014 ለንደን ላይ 12 ክፍል ይዞ ተመለሰ። ጠቅላላው 204 ክፍል ነው፣ ወደ 145 ሰዓት! ክረምት አይበቃውም። ግን አንድ ሚስጥር ልንገራችሁ፣ ያቺ የለንደኗ 12 ክፍል ለብቻዋ ትታያለች፣ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን አትሞላም፣ ዋናው ሰውዬ፣ የጸረ ሽብር ወኪሉ ጃክ ባወር፣ ማን እንደሆነ በጭራሽ ማያውቅ ሰው እንኳን በግማሽ ሰዓት ይገባዋል፣ ታመልጣለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ትጮሃለህ። በ2017 ያለ ጃክ ባወር ሌላ ሰው ይዘው ሞክረው ነበር፣ አንድ ሲዝን ላይ ቀረ፣ እሱን እለፉት።

ዲዛይኔትድ ሰርቫይቨር ሃሳቡ ከሁሉም በላይ ነው፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሙሉው በቦምብ ይጋያል፣ ፕሬዝደንቱ ካቢኔው በአንዴ ያልቃል፣ ስልጣኑ ለመጠባበቂያ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ለነበረ አንድ የቤቶች ልማት ሚኒስትር ይደርሰዋል፣ ሰውየው ጠዋት ሊባረር ነበር ማታ ፕሬዝደንት ሆነ። የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ካቆማችሁ ጥሩ ፊልም አይታችኋል። ከዛ በኋላ ዋና ጸሐፊው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ያስታውቃልም፣ አንዴ የስለላ ፊልም ነው አንዴ የቤተሰብ ነው። ኤቢሲ ሰረዘው፣ ኔትፍሊክስ ጁን 2019 ላይ 10 ክፍል አወጣ፣ በወሩ እሱም ሰረዘው። ሦስተኛው መስፈርቴ ላይ የወደቀው ይሄ ነው፣ የመጨረሻህ ነው ያለው ሰው የለም፣ ስለዚ ኑዛዜ የለም። ደሞ ኔትፍሊክስ ከገባ በኋላ ስድቡ በዛ፣ አባቴ ጋ ቁጭ ብዬ ሳይ ሪሞቱን ፍለጋ ሶፋ ስር የገባሁበት ቀን አለ።

ማኒፌስት

አሁን ደሞ በተቃራኒው። ከጃማይካ ወደ ኒውዮርክ የተነሳ 828 ሚባል በረራ ትንሽ ይናጥና በሰላም ያርፋል፣ ሲያርፉ ግን ውጪ አምስት ዓመት ተኩል አልፏል። 191 ተሳፋሪ፣ አንድም ሰው አላረጀም። የአንዷ ተሳፋሪ እጮኛ ሌላ አግብቷል፣ የሷና አብሯት የበረረው ወንድሟ እናት ሞታለች፣ መንትያው ልጅ ገና ሕፃን ነው እህቱ ኮረዳ ሆናለች። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያላለቀሰ ልቡ ድንጋይ ነው።

ኤንቢሲ ሦስት ሲዝን አሳይቶት ጁን 2021 ላይ ሰረዘው፣ ያውም ትልቅ ጥያቄ አንጠልጥሎ። ደራሲው ስድስት ሲዝን ነበር ያሰበው። ስረዛው ከመነገሩ ከጥቂት ቀናት በፊት ግን ኔትፍሊክስ ላይ ተጭኖ ነበር፣ ሰው ጎረፈ፣ አንደኛ ወጣ፣ ኔትፍሊክስም ኦገስት 28 ቀን፣ በነሱ አጻጻፍ 8/28፣ የበረራው ቁጥር ማለት ነው፣ 20 ክፍል አዘናል፣ የመጨረሻው ነው ብሎ አወጀ። ሃያ ክፍል፣ ቀድሞ የተነገረው ሞት። እና ይሄ ነው ልዩነቱን ያመጣው፣ ሦስት ሲዝን ሙሉ ሲቆልሉት የነበረውን ሚስጥር አንድ በአንድ ማውረጃ ጊዜ አገኙ። አንዳንዱ መልስ አይመጥንም፣ አራተኛው ሲዝን መሃል ላይ ያዛጋል፣ ግን ያልቃል። በር ይዘጋል።

ይሄን ያየሁት ከእማዬ ጋር ነው። እንግሊዝኛ አትችልም፣ እኔ ነኝ አስተርጓሚ፣ ካና ላይ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ የለመደች ሰው ስለሆነች «እሺ አሁን ምን አላት?» ትላለች በየመሃሉ፣ ከዛ እኔ ስተረጉም ቀጣዩ ያመልጠናል፣ ወደኋላ እንመልሳለን፣ 43 ደቂቃው አንድ ሰዓት ይሞላል። ፊልሙ ላይ የሟች እናትየው ምትወደው ጥቅስ አለ፣ ቁጥሩ ከበረራው ጋር ሚገጥም፣ ሮሜ 8፥28። እኔ ገና «ነገር ሁሉ…» ብዬ ልተረጉም ስል እማዬ ቡናውን እያወረደች «ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን» ብላ ጨረሰችው። ከዛ በኋላ አስተርጓሚነቴን ብዙም አልፈለገችውም፣ የገባት በራሷ መንገድ ነው፣ ሰዎቹ ሚሰሙትን «ጥሪ» ሚባለውን ነገር ደሞ ከኔ በፊት ነበር የተረዳችው።

መውረጃው፦ የለም፣ እስከ ጥግ። 62 ክፍል፣ ወደ 44 ሰዓት።

ዘ ኤክስፓንስ

ይሄም 62 ክፍል ነው፣ የአጋጣሚ ነገር። ግን ጠባዩ ሌላ ነው።

ሰው ማርስ ላይ ሰፍሯል፣ ምድርና ማርስ ይፋጠጣሉ፣ መሃል ላይ በትናንሽ ዓለቶች ውስጥ ሚኖሩ ቤልተር ሚባሉ ሠራተኞች አሉ፣ አየሩንም ውሃውንም ከሌላው እጅ ነው ሚጠብቁት። መጀመሪያ ክፍል ላይ የምናያት መርከብ በረዶ ጎታች ናት፣ ውሃ ለተጠማ ጣቢያ በረዶ ምትጎትት። ውሃ በፈረቃ ሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንጎራጎር ሰምቶ ጀሪካን ይዞ የተነሳ ሰው፣ ይሄን ፊልም ከማንም አሜሪካዊ በላይ ነው ሚገባው። ቤልተሮቹ ደሞ ከብዙ ቋንቋ የተቀላቀለ የራሳቸው አነጋገር አላቸው፣ ኒክ ፋርመር ሚባል የቋንቋ ባለሙያ ነው የሠራላቸው፣ ልክ እንደ አራዳ ቋንቋ፣ ሰብታይትል ከሌለ ግማሹ ያመልጣችኋል። እኔ መጀመሪያ ያለ ሰብታይትል ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼው ነበር።

የተሰረዘበት ምክንያት ራሱ አስቂኝ ነው፣ ሳይፋይ ሚባለው ጣቢያ የገዛው መብት በሰዓቱ በቴሌቪዥን ማሳየት ብቻ ነበር፣ ሰው በኋላ በኢንተርኔት ሲያየው ጥቅሙ ለሌላ ነው ሚሄደው። ሲሰረዝ አፍቃሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አውሮፕላን ተከራዩና «ኤክስፓንስን አድኑ» ሚል ባነር አማዞን ቢሮ ላይ አስበረሩ። በሁለት ሳምንቱ ጄፍ ቤዞስ ሎስ አንጀለስ ላይ የጠፈር ስብሰባ መሃል፣ ተዋንያኑ ባሉበት፣ ተርፏል ብሎ ተናገረ።

ከሁሉም ተመላሾች ጥራቱ ያልወረደው ይሄ ነው፣ አራተኛው ሲዝን ትንሽ ይቀዘቅዛል አምስተኛው ግን እንዲያውም ከፍ ይላል። ስድስተኛው 6 ክፍል ብቻ ነው፣ ይቸኩላል፣ ጦርነቱን ይዘጋና አንድ ክር ክፍት ይተዋል፣ ምክንያቱም መጽሐፎቹ ዘጠኝ ናቸው ፊልሙ ስድስተኛው ላይ ነው የቆመው። ይሄ ሚያናድደው ሰው ሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ቢወርድ ሙሉ ታሪክ ይዞ ነው ሚወርደው፣ 36 ክፍል። ለሕፃናት አይሆንም።

ሉሲፈር

ስሙ ይበቃል። ሳሎን ውስጥ «ምንድነው ምታየው?» ተብለህ «ሉሲፈር» ብለህ ሞክር። ሰይጣን ሲኦል ሰልችቶት ሎስ አንጀለስ ገብቶ የምሽት ክበብ ከፍቶ ከፖሊስ ጋር ወንጀል ሚያጣራበት ነው፣ ፊልሙ ራሱ ከስሙ ይልቅ ለስላሳና ቀልደኛ ነው፣ ግን አምስተኛው ሲዝን ላይ እግዚአብሔርን ራሱን በሰው አስመስሎ ያመጣል፣ ያውም ተዋናዩ የ24ቱ ፕሬዝደንት ፓልመር፣ ዴኒስ ሄይስበርት ነው። ይሄ ሚከብዳችሁ ከሆነ ገና ከጅምሩ አትግቡ፣ እኔ አላጣጥልም አላስገድድም።

ለሚገባው ሰው፦ 93 ክፍል፣ ወደ 70 ሰዓት። ፎክስ ላይ ሦስተኛው ሲዝን 26 ክፍል ነው፣ ግማሹ ማሟያ ነው፣ ኔትፍሊክስ ሲወስደው ወደ 10 አሳጠረውና ተነፈሰ። አምስተኛውን የመጨረሻ ብለው ከጻፉት በኋላ ስድስተኛ ተጨመረበት፣ ስለዚ ሁለት መጨረሻ አለው። እኔ አምስተኛው ላይ ወረድኩ፣ እህቴ እስከ ስድስተኛው ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች።

ቀለል ያሉት

ብሩክሊን ናይን-ናይን፦ የፖሊስ ጣቢያ ኮሜዲ ነው፣ ፎክስ በሰረዘው ማግስት ኤንቢሲ ወሰደው፣ ቀብሩ ላይ ሻይ እንኳን አልፈላም። 153 ክፍል ቢሆንም እያንዳንዱ 22 ደቂቃ ነው፣ በየክፍሉ ያልቃል፣ ስለዚ መውረጃው የትም ነው። አምስተኛው ሲዝን በሰርግ ነው ሚዘጋው፣ ለብዙ ሰው እሱ በቂ ነው። የምሳ ሰዓት ፊልም ማለት ይሄ ነው።

አረስትድ ዴቨሎፕመንት፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲዝኖች፣ 53 ክፍል፣ ውረዱ። በ2013 ኔትፍሊክስ ሲያስነሳው ተዋንያኑን በአንድ ቀን ሰብስቦ ማገናኘት ስላልተቻለ እያንዳንዱን ክፍል በአንድ ሰው ዙሪያ ነው የሠሩት፣ ቤተሰብ ስለሆነ ያሳቀን ፊልም ቤተሰቡን በትኖ መጣ። ሰው ስላልወደደው በ2018 ራሱን ቆራርጠው 15ቱን ክፍል 22 አድርገው ድጋሚ አወጡት፣ አልዳነም። ቀልዱ ደሞ በቃላት ጨዋታ ላይ ስለሆነ እንግሊዝኛው ጠንከር ያለ ሰው ይፈልጋል።

መኒ ሃይስት፦ በወጉ ከሄድን ተሰርዞ አይደለም፣ ስፔን ውስጥ አንቴና 3 ላይ በ2017 በ15 ክፍል አልቆ፣ ተመልካቹም እየቀነሰ፣ ተዋንያኑም ተሰነባብተው ሄደው ነበር። ኔትፍሊክስ በ22 ቆራርጦ ለዓለም ሲያሳየው ፈነዳ፣ ከዛ ተጠርተው ተመለሱ። የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ዘረፋ፣ ማለትም ፓርት 2 መጨረሻ፣ በራሱ የተዘጋ ታሪክ ነው። እዛ ጋ ወራጅ በሉ። ከዛ በኋላ ያለው ጩኸትና ርችት ነው፣ ርችት ሚወድ ይቀጥል።

በአንድ አይን

| ፊልሙ | ተሰርዞ / ተመልሶ | ጠቅላላ ክፍል | ሰዓት (በተራ ጥራት ጊጋውም ያው) | መውረጃ | ሳሎን ላይ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፕሪዝን ብሬክ | 2009 / 2017 | 90 | ወደ 65 | 81ኛው ክፍል | ለአዋቂ |
| 24 | 2010 / 2014 | 204 | ወደ 145 | የለንደኗ 12 ለብቻዋ | ለአዋቂ |
| ዲዛይኔትድ ሰርቫይቨር | 2018 / 2019 | 53 | ወደ 40 | ሲዝን 1 | ሦስተኛው አይሆንም |
| ማኒፌስት | 2021 / 2022 | 62 | ወደ 44 | እስከ ጥግ | ይሆናል |
| ዘ ኤክስፓንስ | 2018 / 2019 | 62 | ወደ 47 | ሲዝን 3 ወይ እስከ ጥግ | አይሆንም |
| ሉሲፈር | 2018 / 2019 | 93 | ወደ 70 | ሲዝን 5 | ኧረ በፍጹም |
| ብሩክሊን ናይን-ናይን | 2018 / 2019 | 153 | ወደ 56 | የትም፣ በተለይ ሲዝን 5 | ይሆናል |
| አረስትድ ዴቨሎፕመንት | 2006 / 2013 | 84 | ወደ 35 | ሲዝን 3 | ለአዋቂ |
| መኒ ሃይስት | 2017 / 2019 | 48 | ወደ 38 | ፓርት 2 | ለአዋቂ |

እና ማን የቱን ይያዝ

በሞባይል ፓኬጅ ሚያይና ጊጋ ሚቆጥር ሰው የለንደኗን 24 ይያዝ፣ 9 ጊጋ ገደማ፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ። ትንሽ ሰፋ ካለለት መኒ ሃይስትን እስከ ፓርት 2፣ ከ20 ጊጋ ሳይርቅ የተዘጋ ታሪክ ያገኛል። ቢሮ ዋይፋይ ካለ ደሞ እዛ አውርዳችሁ ቤት እዩ፣ የኔትፍሊክስ አፕ ስልክ ላይ ማውረድ ይፈቅዳል፣ መብራት ሲሄድም ስልኩ አይጠፋም።

ከወላጅ ጋር ምትኖሩና አንድ ቴሌቪዥን ምትጋሩ ሰዎች ማኒፌስት፣ አትከራከሩኝ። ከማኒፌስት በኋላ ደሞ ምትፈልጉ ከሆነ ብሩክሊን፣ እናትየው ባይገባትም የጣቢያው አዛዥ ካፒቴን ሆልት ፊቱን ሳያጥፍ ሲያወራ ትስቃለች፣ የኔዋ ስቃለች።

ብቻውን ሚኖር፣ ማታ ማታ ራሱን ሚያሠራ ነገር ሚፈልግ ሰው፣ ኤክስፓንስ። አራት ክፍል ታገሱት፣ አራተኛው ላይ ካልያዛችሁ ተዉት፣ አይፈረድባችሁም።

ፕሪዝን ብሬክን ድሮ ያየና ናፍቆት ያለበት ሰው ከመጀመሪያው አይጀምር፣ 65 ሰዓት ነው፣ ሲዝን 1ን ብቻ ደግሞ አይቶ 9ኙን ይቀጥልበት። ዲዛይኔትድ ሰርቫይቨርን ሙሉውን ካላየሁ ሚል ሰው ግን ነገ መጥቶ «መጨረሻው ምን ሆነ» ብሎ እንዳይጠይቀኝ፣ መጨረሻ የለውም።

ኔትፍሊክስ ለመክፈል ካርድ ያለው ሰው ይሄን ቀጣዩን አያስፈልገውም። አሁንም ፍላሽ ይዞ ሚዞር ካለ ግን ሱቁ በር ላይ ሳትከፍሉ ፋይሉን ቁጠሩት፣ ልጁ «ሙሉ ነው» ቢልም ቁጠሩት። ፕሪዝን ብሬክ አራተኛው ሲዝን ላይ 22 ፋይል ብቻ ካያችሁ መቃብሩን አይታችሁ አሟሟቱን ሳታዩ ልትቀሩ ነው፣ «23ና 24 የታሉ?» በሉት። የኔው ልጅ ቢሆን «እነሱ ትርፍ ናቸው ብሮ» ነበር ሚለኝ።